በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ድጋፍ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የድሮውን ባለቤቴ ለተጊዮርጊስ የዕድርተኛውን ስልክ ሁሉ ጽፋ ሞላችው። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው በገዛ ቤቱ አንድ ደብተር ማስከበር ካቃተው፣ ይኸው ነው ጡረታ ማለት። ሚስቴን አልወቅስም። ወቅሼም አላውቅም፤ ወቅሼ የት እደርሳለሁ?

ዛሬ የክለባችን ስብሰባ ነበር። "ደጋ ብርሃን የአገልግሎት ክለብ" አሥራ አንድ አባላት አሉት። ዘጠኙ ተገኝተዋል፤ ሁለቱ ያለ ፈቃድ ቀርተዋል፣ መዝግቤያቸዋለሁ። ዋናው አጀንዳ የነሲባ ቤት ነበር። ነሲባ ከገበያው በላይ ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት የአልዩ አምባ ሴት ናት። ቤቷ ወደ መንገዱ ዘሟል። ክረምት ሳይገባ ፈርሶ እንደገና ካልተሠራ ላይዋ ላይ መውደቁ ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ በደጁ ማለፍ ይበቃል።

ሰብሳቢያችን አቶ ኃይለኢየሱስ ወፍጮ ቤት ስላለው የትም ቦታ ሲናገር ሞተር የሚጮኽበት ይመስለዋል። "በቃ! ያንን ቤት አፍርሰን ሁለት ክፍል እንሥራላት! ይጻፍ!" አለ። ኧረ ምን ዓይነት ንግግር ነው? "አፍርሰን" ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል? ነገ አንዱ አንብቦ "ክለቡ አፍራሽ ነው" ቢለንስ? ስለዚህ እኔ ጸሐፊው እንዲህ አድርጌ አቃናሁት፦ "ለወ/ሮ ነሲባ መኖሪያ ቤት አስፈላጊው ድጋፍ እንዲደረግ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።"

አነበብኩላቸው። ዮርዳኖስ፣ የዩኒቨርሲቲዋ አስተማሪ፣ "መምህር፣ ትንሽ አልተድበሰበሰም?" አለች። ልጅ ናት፤ አልፈርድባትም። "አስፈላጊው" የሚለው ቃል ሁሉን ይይዛል ብዬ አስረዳኋት። አጨበጨቡልኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ለአናጢው ለዘሥላሴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ማኅተም መታሁ። ለክለቡ ጸሐፊ ግልባጭ አስቀመጥኩ (ጸሐፊውም እኔው ነኝ)። ከመጋዘን ስድሳ አጠናና ሃያ ቆርቆሮ ይወጣለታል።

ዘሥላሴ ከሰላ ድንጋይ ከተማ የመጣ ሰው ነው። እጁ የማይችለው ሥራ የለም፤ ቃል ግን ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ።

"ድጋፍ ነው የሚለው?"

"ድጋፍ ነው።"

"ድጋፍ ብቻ?"

"አስፈላጊው ድጋፍ።"

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። አንብቦ የሚጠይቅ አናጢ ደስ ይላል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ጉድ ነው! ዘሥላሴ በሦስት ቀን ጨረሰ። "በደብዳቤው መሠረት ተፈጽሟል" ብሎ ፈርሟል። ሃምሳ ሰባት አጠናና ሃያው ቆርቆሮ ተርፎ መጋዘን ገብቷል አሉ። እንዴት ያለ ቆጣቢ ሰው ነው። ትንሽ ገርሞኛል፤ ብቻ ጉልበቴን ስለቆረጠመኝ ሄጄ አላየሁትም። ለአዲስ አበባው ዋና ቢሮ ሪፖርት ጻፍኩ፦ "ድጋፉ ከዕቅዱ ቀድሞ ተጠናቋል።"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ስብሰባ። ትርፉ አጠናና ቆርቆሮ ጫጫ ለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት መጸዳጃ እንዲሰጥ ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ። ለተጊዮርጊስ ማታ፣ "ለመሆኑ የነሲባን ቤት አይተኸዋል?" አለችኝ። ሪፖርቱን ጽፌዋለሁ አልኳት።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አየሁት።

ሦስት አጠና። የዘመመውን ግድግዳ ከውጭ ደግፈው ቆመዋል። ሌላ የለም። ቤቱ ያው ቤት ነው።

ነሲባ ደጇ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። "ጋሼ፣ ክለቡን አመስግኑልኝ። እንጨቶቹ ገመድ ለማሰሪያ ተመቹኝ፤ ይኸው ልብስ አስጥቼባቸዋለሁ" አለችኝ። ፊቷን አየሁት፤ እየቀለደች ይሁን ከልቧ አልለየሁም። ሁለት መደብ ሽንኩርት ገዝቼ ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ዘሥላሴን አገኘሁት። "ምነው ዘሥላሴ፣ ቤት ሥራ ስንልህ!" አልኩት። ደብዳቤዬን ከኪሱ አወጣ፤ የመባ ዘቢብ እንደታሰረበት ጨርቅ አጣጥፎ ይዞታል። "የቱ ላይ ነው ቤት ሥራ የሚለው? ድጋፍ አላችሁ፤ ደገፍኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩዎት እኮ መምህር" አለኝ።

የሀገሬ ሰው ቅኔ ጠፋበት! "ድጋፍ" በዚህ ዐውድ እርዳታ ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? አናጢ ያጣዋል። ይሁን። ግን አናጢ "ድጋፍ" ሲባል ሌላ ምን ሊመጣለት ይችላል? ይህን ለማንም አልናገርም፤ ለደብተሬ ግን እነግረዋለሁ።

ለተጊዮርጊስ ስነግራት ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። እንባዋን እየጠረገች፣ "ምስኪን፣ ድጋፍ ጠየቀች ድጋፍ አገኘች" አለች። ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ "ወርቄ፣ ክረምቱ እኮ ደረሰ" አለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አቶ ኃይለኢየሱስ ዘንድ ስልክ ደወልኩ። ውሳኔው ይታረም፣ እንጨቱም ከጫጫ ይመለስ አልኩት። "የደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ!" ብሎ ጮኸብኝ። "የጸደቀ ውሳኔ ያለ ምልአተ ጉባኤ አይለወጥም፤ ምክንያቱም በጽሑፍ ይቀርባል። እርስዎ አይደሉም እንዴ ያረቀቁት?"

እኔ ነኝ። ጥሩ አንቀጽ ነበር።

ምክንያት ምን ብዬ ልጻፍ? "ጸሐፊው ቃሉን ስላሳመረ"? አያድርስ። ብዙ አሰብኩና አጀንዳውን እንዲህ አረቀቅሁት፦ "የአፈጻጸም ክፍተትን ስለመገምገም።" ማንንም አይነካም።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

ዛሬ አረፋ ነው። የነሲባ ጉሊት ዝግ። እፎይ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ምልአተ ጉባኤ ሰባት ሰው ነው፤ አራት መጣን። አባሎቻችን አብዱልሀፊዝና ሀምዳን ለበዓል አልዩ አምባ ወርደዋል። ሦስቱ ሰርግ ላይ ናቸው፤ የሰኔ ጾም ሳይገባ ይድረስ ተብሎ ከተማው ሁሉ ይዳራል። ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ያለ ፈቃድ። ዮርዳኖስ፣ "መምህር፣ አራታችን ሄደን ግድግዳውን ብንይዝላትስ?" አለች። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ለነሲባ ልነግራት ሄድኩ። በቀጥታ፤ "ነሲባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ልላት። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩት። ደረስኩ። "ስንት ነው ሽንኩርቱ?" አልኩ።

ለተጊዮርጊስ ዘንቢሉን ተቀብላ ወደ ውስጥ ስታየው፣ "ዛሬም አልነገርካትም ማለት ነው" አለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ዘነበ። ቃሪያ ገዛሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ደብረ ሲና ለቅሶ ሆነና አምስት ብቻ ተገኘን። አልሞላም። ተበተንን።

ሌላ ነገር ሰማሁ። አቶ ኃይለኢየሱስ ወፍጮ ቤቱን ሊያሰፋ አስቦ ለዘሥላሴ ሰጥቶት የነበረውን ሥራ ለሌላ አናጢ አዞረው። "ድጋፍና ቤት የማይለይ ሰው ወፍጮዬን ደግፎልኝ ይሄዳል" አለ አሉ፤ ከተማው በሙሉ ይስቅበታል። የኔ "የአፈጻጸም ክፍተት" ማንንም የማይነካ መስሎኝ ነበር። ዘሥላሴ አምስት ልጅ አለው።

ለተጊዮርጊስ ሳልጠይቃት፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለች። ማንን ነው? አልጠየቅኋትም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ሦስት ቀን ያለ ማቋረጥ ዘነበ። በነሲባ ደጅ አለፍኩ። ግድግዳው ሥሩ ርሷል፣ ምርጊቱ እየተላጠ ማገሩ ይታያል። ቤት ውስጥ ሦስት ባልዲ ደርድራለች። "ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ልስጥዎ?" አለችኝ። ሽንኩርት ጨርሰናል ብዬ ዋሸኋት። ወጥ ቤታችን ውስጥ ያለው ሽንኩርት ለአንድ ሰርግ ይበቃል።

ምን ነካኝ? ስልሳ ስድስት ዓመት ሞላኝ እኮ። ተማሪ ሲሳሳት "ተሳሳትኩ በል፣ አትፍራ" የምል ሰው ነበርኩ። ዛሬ እንደዚያ የሚለኝ መምህር ቢኖር ኖሮ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታስ በምን ይታሻል?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ሞላ! ሰባት ሰው! አብዱልሀፊዝ ሳይቀር በዝናቡ መጣ።

አጀንዳው ተነበበ። አቶ ኃይለኢየሱስ፣ "ክፍተቱ የማን ነው?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ከፈትኩ። "የአፈጻጸም ነው" አልኩ።

"ያው የአናጢው ነው በሉኛ" አለ ሀምዳን። ብዕሬን አነሣሁ። ክፍተቱን የሚያጠና ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። በአንድ ወር ውስጥ ሪፖርት ያቀርባል። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩት፤ የእጅ ጽሑፌ እንደዛሬ አምሮ አያውቅም። እኔን ይድፋኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ወደቀ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት። በረዶ ያዘለ ዝናብ። ነሲባ ጉሊቷ ላይ ነበረች፤ ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ለዙህር ሰላት ቤት ስለምትሆን ይህን ገጽ ሌላ ነገር ነበር የምጽፍበት። ግድግዳው በድጋፎቹ መሐል ሾልኮ ወደ መንገዱ ተዘረገፈ። ጣራው ወደ ውስጥ ገባ። ሦስቱ አጠናዎች ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ልብሷም እንደተሰጣ ነው። ዘሥላሴ ሥራውን በደንብ ነው የሠራው።

እየሮጥኩ ስደርስ ለተጊዮርጊስ ቀድማኝ ደርሳለች። የነሲባን ጀሪካን ተሸክማ፣ "ተከተለኝ፣ ሳጥኑን አንሣ" አለችኝ። አነሣሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ነሲባ እኛ ጋ ናት። መጽሐፍ ያለበትን ክፍል ለቀቅሁላት። የክለቡን የዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤ አልጋ ሥር ከተትኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

በዛሬው ስብሰባ አሥራ አንዱም ተገኘን። በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ጠብ አለ ተብሎ ተወርቶ ነው የመጡት እንጂ ለሌላ አይደለም። ዘሥላሴንም እኔ ራሴ ጠርቼው በር ላይ ቆሟል።

ተነሣሁ። ላብ አጠመቀኝ፤ በደብረ ብርሃን፣ በሐምሌ! ያዘጋጀሁትን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና በቃሌ ተናገርኩ። "ሰብሳቢው ግንቦት ላይ ቤት ይሠራላት ነው ያለው። ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ዮርዳኖስ ተድበስብሷል ስትለኝ አልሰማኋትም። ዘሥላሴ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። የጻፍኩለትን ነው የሠራው። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብዬ በሰው ስም ተደበቅሁ። ሴትዮዋ በተአምር ተረፈች። ዘሥላሴ፣ ይቅር በለኝ።"

ማንም አልሳቀም። እንዲስቁ ፈልጌ ነበር።

ዘሥላሴ ቆቡን በእጁ አዟዟረ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ። "ብቻ መምህር፣ የአሁኑን ሥራ በአፍ ይንገሩኝ።" ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ኃይለኢየሱስ ከሁሉ በላይ ሳቀና፣ ሳቁ ሲያልቅለት ለዘሥላሴ፣ "ወፍጮ ቤቱን ና ሥራልኝ፤ እኔም በድያለሁ" አለው። በዚያ ድምፁ ጫጫ ድረስ ይሰማል።

የጫጫው መጸዳጃ በዝናቡ ምክንያት አልተጀመረም፤ እንጨቱና ቆርቆሮው ይመለሳል። ጭቃ በክረምት አይደርቅም፤ ስለዚህ ዘሥላሴ አሁን ወጋግራውን አቁሞ ጣራውን ይመታል፣ ምርጊቱ ለመስከረም ይቆያል። ውሳኔውን ጻፍኩ፦ "የነሲባ ቤት ይሠራ።" ሦስት ቃል።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ለነሲባ ነገርኳት። ምሳ ላይ፣ ለተጊዮርጊስ ባለችበት። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለች።

"ከማን ሰማሽ?"

"ዘሥላሴ ያኔውኑ ደብዳቤውን አሳየኝ። ድጋፍ ነው የሚለው፣ ምን ላድርግ ብሎ። የእርስዎን እጅ ጽሑፍ የማላውቅ መሰለዎት? በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አልዩ አምባ ወርደው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? ስሜን በመጀመሪያ የጻፍኩት በርስዎ ጠመኔ ነው።"

ክው አልኩ። ያን ጊዜ ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ፤ አላስታወስኳትም።

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ጋሼ፣ ሽንኩርት ይገዙኝ ነበራ! ገበያዬን ላጥፋ?"

ለተጊዮርጊስ ከሳቋ የተነሣ ጉርሻዋ ትን አላት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ነሲባ ፊቷ ተለወጠ። "ደግሞስ ምን ልበል? ለደሃ ቤት እንሥራ ያለን ሰው 'አጣመምከው' ይሉታል? ያንን እንኳ ቢተዉትስ ብዬ ፈራሁ።" እጇን ታጥባ ተነሣች።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ነሲባ እዚህ ቤት ስትንቀሳቀስ አትሰማም። ለሱብሂ ሰላት ስትነሣ ሰው እንዳይቀሰቀስ ውሃውን በጭልፋ ነው የምታፈሰው። በሳሎን ለማለፍ "ልለፍ ጋሼ?" ትላለች። በየቀኑ። ወንበር ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ከመሸጥ የተረፋትን ቃሪያ ሁሉ ወጥ ቤት አምጥታ ትደረድራለች፤ ለተጊዮርጊስ ተቆጥታ፣ "ነሲባ፣ ቤትሽ እኮ ነው!" አለቻት።

"ኧረ ቤታችሁን አሏህ ያቆይላችሁ" አለች።

ልክ መለሰች። እኛ የማናውቀውን ነገር ታውቃለች፤ የሰው ቤት የቱንም ያህል ቢሞቅ የሰው ነው። ፍልሰታን እየጾምኩ ይህን ሳስብ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ጣራው ተመታ። ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ዘሥላሴ፣ "ይንኩት፣ ቤት ነው" አለኝ። ከእንግዲህ እስክሞት ሳይቀልድብኝ አይቀርም፤ የሚገባኝ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

የምርጊት ደቦ። ጭቃው ከነጭዱ ሰንብቶ ቦክቷል። ክለቡ በሙሉ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፤ የጉሊት ሴቶችም መጡ፤ ያለ ፈቃድ የሚቀሩት ሁለቱም መጡ። አብዱልሀፊዝ እየመራ ይዘፍናል፤ አቶ ኃይለኢየሱስ ይጮኻል፣ መዝፈኑ ነው መሰለኝ። ዮርዳኖስ በስልኳ ስትቀርጸኝ አንሸራትቶኝ በቂጤ ተቀመጥኩ። ቪዲዮው ለተማሪዎቿ ሁሉ ደርሷል አሉ። ነሲባ ከሁሉ ቀድማ ገብታ ከሁሉ ኋላ ወጣች። አንዱን ግድግዳ ማንም እንዲያግዛት ሳትፈቅድ ብቻዋን መረገች። መዳፏ እስኪላጥ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የርክክብ ቀን።

ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውርጩ አጥንት የሚነካ። የቀበሌ ሰው መጣ፣ ሪባን ታሰረ። አቶ ኃይለኢየሱስ ንግግር አደረገ፤ ለጎረቤት ከተማ ጭምር። እኔ አራት ገጽ አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ሌሊት የሠራሁት፣ ከነምሳሌው። ለተጊዮርጊስ ጠዋት አንብባው "ጥሩ ነው" አለችና ምንም አልጨመረችም፤ ይህ ከእሷ አስፈሪ ነገር ነው።

ሪባኑ ተቆረጠ። ሁላችንም ተከትለናት ልንገባ ተንቀሳቀስን፤ ወረቀቴን ከኪሴ ሳወጣ ነሲባ በሩ ላይ ቆመችና ዞረች። ስካርፏን አስተካከለች። አራት ወር "ልለፍ ጋሼ" ስትል የነበረችዋ ሴት ቀጥ ብላ ቆማ አየችን።

"አሏህ ይክፈላችሁ። ጋሼንም፣ ለቴንም፣ ዘሥላሴንም፣ ሁላችሁንም። እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም" አለች። "አሁን ግን አትግቡብኝ። ዛሬ ብቻዬን ልግባ። ሰኞ ምሳ እጠራችኋለሁ፤ ስጠራችሁ ትመጣላችሁ።"

ገባች። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ቀረቀረችው፤ ድምፁን ሰማነው።

የቀበሌው ሰው መቀሱን እንደያዘ ቀረ። አቶ ኃይለኢየሱስ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንሂድ" አለ። ለተጊዮርጊስ ክንዴን ያዘች፤ ዓይኗን አየሁ፣ ታለቅሳለች። እኔም እያለቀስኩ እንደነበር ያወቅሁት ዮርዳኖስ ሶፍት ስትሰጠኝ ነው። አራቱን ገጽ ሳላነብ ወደ ቤት መጣን።

ቃለ ጉባኤውን አሁን ጽፌ ጨረስኩ። ሁለት መስመር ነው፤ ለማንም አላሳየሁትም፣ ማንንም አላማከርኩም።

"የነሲባ ቤት ተሠርቷል። ባለቤቲቱ ገብታ ዘግታዋለች።"